የቋንቋ ተማሪን ተቀብሎ ማኖር፤ ከእንግድነት ወደ ቤተሰብነት

የአንድን አገር ቋንቋ ለመማር የሚመጣ ሰው ከመምህሩና ከመማሪያ መጽሐፉ በተጨማሪ ቋንቋውን በየዕለቱ የሚሰማበትና የሚናገርበት ቤት ያስፈልገዋል። ተማሪው ለተወሰነ ጊዜ ከአገሬው ቤተሰብ ጋር የሚኖርበት አሠራር በበርካታ አገሮች የተለመደ ሲሆን፣ በኢትዮጵያም በአሜሪካ የሰላም ጓድ (ፒስ ኮር) ሥልጠና አማካይነት በሰፊው ተሠርቶበታል።

ከ270 በላይ የሚሆኑ የመጀመሪያዎቹ የሰላም ጓድ አባላት ኢትዮጵያ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1962 ሲሆን፣ ከመምጣታቸው በፊት የሠለጠኑት በዋሽንግተን በሚገኘው በጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ነበር። ሁለት ጊዜ ተቋርጦ የቆየው ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2007 ዳግም ሲጀመር ግን ሥልጠናው የሚሰጠው በኢትዮጵያ ውስጥ ሆነ። ሠልጣኞቹ ለሁለት ዓመት ወደሚያገለግሉበት ሥፍራ ከመሄዳቸው በፊት በአሰላ አካባቢ በሚገኙ ከተሞችና በሌሎችም ሥፍራዎች በየቤተሰቡ ተመድበው ለሦስት ወር ያህል ይኖሩ ነበር። እንደ ምድብ ሥፍራቸውም አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞ ወይም ትግርኛ ይማሩ ነበር። ድርጅቱ በኮቪድ 19 ወረርሽኝ ምክንያት በጎ ፈቃደኞቹን ከመላው ዓለም ያስወጣው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 ነው።

ለመሆኑ በክፍል ውስጥ የማይገኘው ከቤት የሚገኘው ትምህርት ምንድን ነው?

በአማርኛ የትእዛዝ ግስ እንደ ተጠሪው ይለዋወጣል። ተማሪው ይህንን በሰሌዳ ላይ በሠንጠረዥ ተጽፎ ያየዋል። በቤት ውስጥ ግን እናት ወንድ ልጇን "ና"፣ ሴት ልጇን "ነይ"፣ አያትን ደግሞ "ይምጡ" ብላ ለራት ስትጠራ በአንድ ጊዜ ይሰማል። ታላቅን በስሙ ብቻ መጥራት ነውር መሆኑን፣ "ጋሼ" እና "እትዬ" ለማን እንደሚባልም እንዲሁ ይማራል። ሲደናቀፍ "እኔን!" የሚለውና በቃኝ ሲል "በሞቴ" እያለ የሚያጎርሰው ሰው ምን ማለቱ እንደሆነ መዝገበ ቃላት በቀላሉ አይነግረውም። ከአቦል እስከ በረካ የሚዘልቀው የቡና ሥነ ሥርዓትም ረጅም ጨዋታ የሚደመጥበት የቋንቋ ትምህርት ነው።

ይሁን እንጂ አብሮ ማደር ብቻውን ቋንቋ አያስተምርም። ትልቁ እንቅፋት የሚመነጨው ከመልካም ባህላችን ነው። እንግዳ ክቡር ነውና በተሻለው ወንበር ይቀመጣል፣ ምግብ ለብቻው ይቀርብለታል፣ ሥራ እንዳይነካ ይከለከላል። በዚህ ሁኔታ ተማሪው ጠግቦ ያድራል እንጂ አፉን አይፈታም። የቤቱ ልጆች እንግሊዝኛቸውን ሊለማመዱበት ከተሻሙ ደግሞ ትምህርት የሚያገኙት እነሱ ናቸው።

በመሆኑም ተቀባይ ቤተሰብ ተማሪውን ከእንግድነት ወደ ቤተሰብነት ሊያሸጋግረው ይገባል። ሽንኩርት ሲከተፍ ቢላዋ መስጠት፣ ቡና ሲቆላ ማስጠጋት፣ ወደ ገበያ አስከትሎ መሄድ ከብዙ ጥናት ይበልጣል። ሲያናግሩትም ድምፅን ከፍ ማድረግ ሳይሆን ቀስ ብሎ መናገርና መድገም ይጠቅማል። ስህተቱን በይሉኝታ ማለፍም አይበጀውም፤ ትክክለኛውን መልሶ ብሎለት ጨዋታውን መቀጠል ይሻላል።

ይህ መቀራረብ እንዲሠምር አስቀድሞ ስምምነት ያስፈልጋል። ቤተሰቡ ለምግብና ለመኝታ የሚከፈለው ገንዘብ፣ የሚቆለፍ ክፍል፣ የተጣራ ወይም የፈላ የመጠጥ ውሃ፣ የጾም ቀናት አመጋገብና የግቢው በር የሚዘጋበት ሰዓት በግልጽ ሊነገሩ ይገባል። ተማሪውም በበኩሉ ሲያመሽ አስቀድሞ የማስታወቅና የቤቱን ሥርዓት የማክበር ግዴታ አለበት፤ ራት ይዛ የምትጠብቀው እናት ልትጨነቅ አይገባምና።

ቋንቋውን በዚህ መልክ የተማረ ሰው ወደ ሥራ ቦታው ሲሄድ ቃላትን ብቻ ሳይሆን ሰውን በአክብሮት የማነጋገር ልማድን ይዞ ይሄዳል። ከጤና ባለሙያ፣ ከመምህርም ሆነ ከአርሶ አደር ጋር ተግባብቶ ለመሥራት የሚያስችለውም ይኸው ነው።