የተቃጠለውን የሞተር ዘይት አሟጦ ስለ ማውጣት

የነጋዴ ሀብት በመጋዘን የተከማቸው ዕቃ ብቻ አይደለም። ዕቃውን ከወደብ ወደ መጋዘን፣ ከመጋዘንም ወደ ሱቅ የሚያደርሰው የጭነት መኪና የሀብቱ ከፍተኛ ክፍል ነው። ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ በጋላፊ በኩል አዲስ አበባ የሚገባ መኪና 900 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ የአፋርን ቆላ ሙቀትና አቧራ አልፎም ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ወዳላት ከተማ ይወጣል። በዚህ መንገድ ላይ ሞተሩ ቢቆም የሚጎዳው ባለ መኪናው ብቻ ሳይሆን ዕቃውን የሚጠብቀው አስመጪና ከአስመጪው የሚረከበው ባለ ሱቅ ጭምር ነው።

ይህንንም በማወቅ ብዙ ነጋዴዎች የሞተሩ ዘይት በጊዜው እንዲቀየር ያዛሉ፤ ለአዲሱም ዘይት ብዙ ገንዘብ ይከፍላሉ። ነገር ግን ስለሚገባው ዘይት የሚጠይቅ ብዙ ሲሆን ስለሚወጣው ዘይት የሚጠይቅ ጥቂት ነው። በተለይም ሥራው ወደ ጋራዥ ሳይሄድ በነጋዴው ግቢ በሾፌሩ ወይም በረዳቱ እጅ በሚፈጸምበት ጊዜ፣ አሮጌው ዘይት ተሟጦ ሳይወጣ አዲሱ ይሞላበታል። ያን ጊዜ ለአዲሱ ዘይት ከተከፈለው ዋጋ ከፊሉ በከንቱ ይቀራል።

የዘይት መበላሸት ምክንያት

ዘይት ብረትን ከብረት እንዳይፋተግ ከመጠበቁም በላይ ሙቀትን ተሸክሞ ይወስዳል፤ ጥላሸትንና የብረት ብናኝን አጥቦ በራሱ ውስጥ ይይዛል። በናፍታ ሞተር ውስጥ የገባ አዲስ ዘይት በጥቂት ጊዜ መጥቆሩ ይህን የማጠብ ሥራውን መጀመሩን እንጂ መበላሸቱን አያመለክትም። ሌላም አለ፤ አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር የሚያህል ውሃ በእንፋሎት መልክ ይፈጠራል። አብዛኛው ከጭሱ ጋር ቢወጣም ጥቂቱ ከጥቂት ነዳጅ ጋር በፒስተኑ ዙሪያ አልፎ ወደ ዘይቱ ይወርዳል። ውሃውም ከቃጠሎው ጋዝ ጋር ሲቀላቀል ብረትን የሚበላ አሲድ ይሆናል። በአዲስ ዘይት ውስጥ የዚህን አሲድ ኃይል የሚያጠፉ ቅመሞች አሉ፤ ነገር ግን እነዚህ ቅመሞች በሥራ ብዛት ያልቃሉ።

እንግዲህ 10 ሊትር በሚይዝ ሞተር ውስጥ 1 ሊትር አሮጌ ዘይት ቢቀር፣ ከሞተሩ ዘይት ከዐሥር እጅ አንዱ እጅ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያረጀ ነው። ከመያዣው ግርጌ የሚቀረው ደግሞ ዝቃጭ የበዛበት ስለ ሆነ ከወጣው ይልቅ የከፋ ነው። አዲሱ ዘይት ሥራውን የሚጀምረው የቀድሞውን ዕዳ በመክፈል ይሆናል።

አሠራሩ

መጀመሪያ መኪናው በደልዳላ ቦታ ይቁም፤ የእጅ ፍሬኑ ይያዝ፤ ጎማዎቹም በድንጋይ ወይም በእንጨት ይታገዱ። መኪናው በክሪክ ብቻ ተደግፎ ሳለ ማንም ሰው ከሥሩ ሊገባ አይገባውም። መሬቱ ያዘነበለ እንደ ሆነ ግን ዘይቱ ከመውጫው ተቃራኒ በሆነው ጥግ ተኝቶ ይቀራል።

ሁለተኛ፣ ዘይቱ የሚወጣው ሞቅ ባለ ጊዜ ነው። ሌሊቱን ባደረ ሞተር ውስጥ ያለ ዘይት ወፍሮ በግድግዳው ላይ ይጣበቃል፤ ቆሻሻውም ይዘቅጣል። ሞተሩ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ቢሠራ ዘይቱ ይቀጥናል፤ ቆሻሻውም ተንሳፎ ከዘይቱ ጋር ይወጣል። ከሩቅ መንገድ ወዲያው የገባ መኪና ግን ዘይቱ ሰውን የሚያቃጥል ስለ ሆነ ጥቂት መብረድ አለበት።

ሦስተኛ፣ ከላይ ያለው የዘይት መሙያ ክዳን ይከፈት፤ አየር በሚገባበት መጠን ዘይቱ ሳይቆራረጥ ይወርዳል። ከዚያም ከሥር ያለው ቡሎን ይፈታል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዚህ ላይ ነው፤ ወፍራሙ ፈሳሽ እንዳበቃ ቡሎኑን ይመልሳል። ከላይኞቹ ክፍሎች የሚወርደው ዘይት ግን ገና በመንገድ ላይ ነው። ጠብታው እየራቀ እስኪሄድ ድረስ ግማሽ ሰዓት ያህል መታገሥ ይገባል።

አራተኛ፣ ፊልትሮው በየጊዜው ከዘይቱ ጋር ይለወጥ። አሮጌው ፊልትሮ በውስጡ የቆሸሸ ዘይት ይይዛልና። ሲወጣም የጎማ ቀለበቱ ከሞተሩ ጋር ተጣብቆ አለመቅረቱ ይመርመር፤ ሁለት ቀለበት ከተደራረበ ዘይቱ በኃይል ይፈሳል። የቡሎኑም ሮንዴላ አዲስ ቢሆን ይመረጣል።

አንዳንዶች የቀረውን ለማጠብ ላምባ ወይም ናፍታ ይጨምራሉ፤ ሌሎችም ቡሎኑ እንደ ተፈታ ሞተሩን ያስነሣሉ። ሁለቱም ጎጂ ነው። ላምባው በቀጫጭን መተላለፊያዎች ቀርቶ አዲሱን ዘይት ያቀጥናል፤ ያለ ዘይት የተነሣ ሞተርም በጥቂት ጊዜ ብረቱን ይበላል። በመተላለፊያዎች ውስጥ ምንጊዜም ጥቂት ዘይት ይቀራል፤ ፋብሪካው በመጽሐፉ የሚሰጠው የመሙያ መጠን ይህን አስቦ የተወሰነ ስለ ሆነ ሊያሳስብ አይገባም።

የገቢና የወጪ ሒሳብ

የዕቃ መጋዘን በገቢና በወጪ መዝገብ እንደሚጠበቅ፣ የሞተርም ዘይት እንዲሁ ሊጠበቅ ይችላል። የወጣው ዘይት ምልክት ባለው ጄሪካን ይለካ፤ ትኩስ ዘይት መጠኑ ስለሚጨምር የሚለካው ከበረደ በኋላ ይሁን። በመዝገቡም ቀኑ፣ መኪናው የተጓዘው ኪሎ ሜትር፣ የገባው ሊትር፣ በመካከል የተጨመረውና የወጣው ሊትር ይጻፍ።

ዘይቱ ከመውጣቱ በፊት በመለኪያ ዘንጉ ላይ ሙሉ ሆኖ ከታየና የወጣው ግን ከመሙያው መጠን እጅግ ካነሰ፣ ልዩነቱ በሞተሩ ውስጥ ቀርቷል። መለኪያው አስቀድሞ ጎድሎ ከነበረ ሞተሩ ዘይት ይበላል ወይም ያፈሳል። ማንም ሳይጨምር መጠኑ ከበዛ ደግሞ ነዳጅ ወይም ውሃ ገብቶበታል፤ ናፍታ መሽተቱ የነዳጅ፣ ወተት መምሰሉም የውሃ ምልክት ነው። የሚያብረቀርቅ የብረት ብናኝ ከታየ መኪናው ጭነት ሳይጭን ለመካኒክ መቅረብ አለበት። እንዲህ ያለው መዝገብ የሞተሩን ሕመም ሞተሩ በመንገድ ላይ ከመቆሙ በፊት ይናገራል።

አዲሱ ዘይት ከተሞላ በኋላ ሞተሩ ጋዝ ሳይሰጠው ይነሣና የዘይቱ መብራት እስኪጠፋ ይጠበቅ። ከዚያም ጠፍቶ ጥቂት ደቂቃ ከቆየ በኋላ መጠኑ እንደገና ይታይ፤ ቡሎኑና ፊልትሮው አለማፍሰሳቸውም ይረጋገጥ። ከልክ በላይ መሙላትም ዘይቱን አረፋ ስለሚያደርገው አይገባም።

የወጣው ዘይት ወዴት ይሂድ?

የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እንደሚገልጸው፣ ከአንድ መኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይት አንድ ሚሊዮን ጋሎን ንጹሕ ውሃ ሊበክል ይችላል። በአዲስ አበባ ቦይ ውስጥ የፈሰሰ ዘይት ወደ አቃቂ ወንዞች፣ ከዚያም ወደ አባ ሳሙኤልና ወደ አዋሽ ይወርዳል፤ በእነዚሁ ወንዞች ለከተማው ገበያ የሚቀርብ አትክልት ይጠጣበታል። ስለዚህ ዘይቱ ውሃም ቤንዚንም ሳይቀላቀልበት በተከደነ ዕቃ ተይዞ አሮጌ ዘይት ለሚቀበል ጋራዥ ወይም ሰብሳቢ ይሰጥ። ደጋግሞ ቆዳን መንካቱ ለብርቱ ሕመም ስለሚዳርግ ሠራተኛው ጓንት ያድርግ፤ እጁንም በሳሙና ይታጠብ። ባዶው የአዲስ ዘይት ዕቃም ተበስቶ ይጣል፤ ያለዚያ ሐሰተኛ ዘይት ተሞልቶበት ወደ ገበያ ሊመለስ ይችላል።

ይህ ሁሉ የሚጠይቀው የግማሽ ሰዓት ትዕግሥትና አንድ የመዝገብ ገጽ ነው። ሞተር ተከፍቶ ሲታደስ ግን መኪናው ለሳምንታት ይቆማል፤ ዕቃ ይዘገያል፤ ደንበኛም ይሄዳል። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእሳት ብቻ አይደለም።