የፍርድ ውሳኔ አድራሻው የት ነው?

መምህሩ «ገጽ 40 አውጡ» ሲል ግማሹ ተማሪ ወዲያው ያወጣል፤ አሮጌውን እትም የያዘው ግን «ቲቸር፣ የኔ ላይ የለም» ይላል። ለማስተማር ልምምድ ወጥቶ ይህ ያላጋጠመው እጩ መምህር ጥቂት ነው። ትምህርቱ አንድ ሆኖ ሳለ ገጹ ይለያያል። ነገሩ ፍርድ ቤት ሲደርስ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል። በዚህ ጽሑፍ የፍርድ ውሳኔ እንዴት እንደሚጠቀስ ባጭሩ ለማስረዳት እንሞክራለን።

ውሳኔ መጥቀስ ማለት ምን ማለት ነው? አንድ ተከራካሪ «ከዚህ ቀደም እንዲህ ተፈርዷል» ሲል፣ ዳኛውም ሆነ ባላጋራው ያንኑ ውሳኔ ፈልጎ እንዲያነበው አድራሻ መስጠት ማለት ነው። አድራሻው ከጠፋ እኮ ማስረጃው ወሬ ሆኖ ይቀራል።

በአሜሪካ ለረዥም ዘመን ሲሠራበት የኖረው አድራሻ የጥራዝና የገጽ ቁጥር ነው። ከጥራዞቹ አሳታሚዎች ዋነኛው ዌስት የተባለ የግል ድርጅት ነበር። ውሳኔዎች በኮምፒዩተር መነበብ ሲጀምሩ ግን ችግር ተፈጠረ፤ ይኸውም የመጽሐፉ ገጽ በኮምፒዩተር ላይ ስለሌለ ቁጥሩን በጽሑፉ መካከል ማስገባት አስፈለገ። ዌስትም «የገጽ አደራደሩ የእኔ ሥራ ነው» ብሎ ተከራከረ። እ.ኤ.አ. በ1986 አንድ የይግባኝ ፍርድ ቤት ዌስትን ደገፈ፤ በ1998 ሌላው ተቃራኒውን ወሰነ። እንግዲህ ልብ እንበል፤ ፍርዱ የሕዝብ ሆኖ ሳለ አድራሻው የነጋዴ ይሁን አይሁን ክርክር ተነሣበት ማለት ነው።

ታዲያ መፍትሔው ምንድን ነው? አድራሻውን ፍርድ ቤቱ ራሱ ውሳኔውን ሲሰጥ እንዲያወጣለት ማድረግ ነው። ካናዳ እ.ኤ.አ. በ1999፣ እንግሊዝ በ2001 ይህንኑ መንገድ ያዙ። አድራሻው ሦስት ነገሮችን ይይዛል፦ ዓመቱን፣ የፍርድ ቤቱን ምሕጻረ ቃልና ተራ ቁጥሩን። በገጽ ፈንታ እያንዳንዱ የጽሑፉ አንቀጽ ቁጥር ይሰጠዋል። መጽሐፍም ተገለጠ፣ ኮምፒዩተርም ተከፈተ፣ አንቀጽ 12 ያው አንቀጽ 12 ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በአዋጅ ቁጥር 454/1997 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉትን ፍርድ ቤቶች እንዲያስገድድ ተደነግጓል። አስገዳጅነቱ በአዋጅ ቁጥር 1234/2013ም ቀጥሏል። ስለዚህ ውሳኔውን በትክክል ማግኘት የግድ ነው። ለምሳሌ ያህል፣ በሕፃን አስተዳደግ ክርክር የሕፃኑ ጥቅም እንዲቀድም የወሰነው በሰበር መዝገብ ቁጥር 23632 ነው። ቁጥሩ በጥራዝም በኮምፒዩተርም አይለወጥም፤ ይህ መልካም ነው። ግን «23632» ብሎ ብቻ መጻፍ አይበቃም። ሌሎች ፍርድ ቤቶችስ የመዝገብ ቁጥር አላቸው አይደለም ወይ? ዓመቱስ በየትኛው አቆጣጠር ነው? ልዩነቱ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት እኮ ነው!

ስለዚህ ማስታወሻ ስናዘጋጅ አስቀድመን ፍርድ ቤቱንና ችሎቱን፣ ቀጥሎ የመዝገብ ቁጥሩን፣ ከዚያም ቀኑን ከነአቆጣጠሩ እንጻፍ። ጥራዝና ገጽ በመጨረሻ ይጨመራሉ እንጂ ብቻቸውን አይቆሙም። ተማሪ ተነሥቶ «ይህን ማን አለ?» ብሎ ሲጠይቀን፣ ሄዶ ራሱ የሚያነብበትን መንገድ ማሳየት የመምህርነታችን ግዴታ ነው።