የኩላሊት ካንሰር በጊዜ ከተደረሰበት በቀዶ ሕክምና ይድናል

በደቡብ ወሎ ዞን በሐይቅ ከተማና አካባቢዋ ሽንቱ ደም የቀላቀለበት ሰው አስቀድሞ የሚጠረጥረው ብልሃርዚያን ሊሆን ይችላል። በሐይቁ ዙሪያ በሽታው የታወቀ ነውና። ይሁን እንጂ በአካባቢው የሚገኘው የአንጀት ብልሃርዚያ ሲሆን ደሙ የሚታየው በዓይነ ምድር ነው። የሽንት ፊኛን የሚያጠቃው ዓይነት በኢትዮጵያ የሚታወቀው እንደ አዋሽ ሸለቆ ባሉ ቆላማ ሥፍራዎች ነው። ስለሆነም ወደዚያ ወርዶ የማያውቅ ጎልማሳ ሽንቱ ከቀላ ሌላ ምክንያት ሊፈለግለት ይገባል።

ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ኢንፌክሽን ወይም የኩላሊት ጠጠር ነው። ሕመም የሌለው ደም ግን የኩላሊት ወይም የፊኛ ካንሰር ምልክት የሚሆንበት ጊዜ አለ። አሳሳቹ ነገር ደሙ አንድ ሁለት ቀን ታይቶ በራሱ መጥፋቱ ነው፤ ታማሚውም ድኛለሁ ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል። የጎን ውጋትና በእጅ የሚዳሰስ እብጠት ሲታከሉበት በሽታው አብዛኛውን ጊዜ ሥር ሰዷል።

ሲጋራ ማጨስ፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረትና የደም ግፊት ለበሽታው ያጋልጣሉ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2022 በዓለም ከ430 ሺህ በላይ ሰዎች እንደተያዙ ተገምቷል።

ዋናው ሕክምና ቀዶ ሕክምና ነው። ዕጢው ከ4 ሴንቲ ሜትር ካልበለጠ እርሱን ብቻ ቆርጦ ማውጣት ይመረጣል፤ እጅግ ካደገ ግን ኩላሊቱ በሙሉ ይወጣል። ብዙዎችን የሚያስፈራው ይኸው ነው። ሆኖም ሁለተኛው ኩላሊት ጤናማ ከሆነ ሰው በአንዱ ኖሮ ሥራውን መቀጠል ይችላል። ለሌሎች ካንሰሮች የሚሰጠው የተለመደው ኬሞቴራፒ በዚህኛው ላይ እምብዛም አይሠራም። ወደ ሳንባ ወይም ወደ አጥንት ለተሠራጨ ካንሰር ከ2005 (እ.ኤ.አ) ወዲህ የወጡ መድኃኒቶች ዕድሜ ያራዝማሉ፤ ዋጋቸው ግን ለደመወዝተኛ የሚቀመስ አይደለም። በአሜሪካ በተያዘው መዝገብ መሠረት ካንሰሩ ከኩላሊት ሳይወጣ ከተደረሰላቸው 100 ታማሚዎች ከ90 በላይ የሚሆኑት አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ይኖራሉ፤ ከተሠራጨ በኋላ ግን ቁጥሩ ከ20 አይበልጥም።

ስለዚህ ወሳኙ ውሳኔ የሚሰጠው በጤና ጣቢያ ነው። በሽንት ምርመራ ደም ታይቶ ኢንፌክሽን ካልተገኘ፣ መድኃኒት እየደጋገሙ ከማዘዝ ይልቅ ታማሚውን ለአልትራሳውንድ መላክ ይሻላል። አልትራሳውንዱ ዕጢ ካሳየ ሲቲ ስካን ይከተላል። ከሐይቅ እስከ ደሴ ሪፈራል ሆስፒታል ያለው ርቀት 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን አባል የሆነ ታማሚ ወደዚያ ሲሄድ የሪፈር ወረቀቱን መያዝ አለበት፤ አለበለዚያ ወጪው ከኪሱ ሊሆን ይችላል።