የዱባ ዕድገትና የጂን ቤተሰብ

ከአንድ መነሻ የመጡና በመልክ የሚመሳሰሉ ጂኖች ቤተሰብ ይባላሉ። በዚህ ጽሑፍ የዱባን ሐረግ ዕድገት በሚመለከት «ጂ አር ኤፍ» ስለሚባለው ቤተሰብ ባጭሩ እንገልጻለን።

የቤተሰቡ የመጀመሪያ አባል እ.ኤ.አ. በ2000 በሩዝ ታወቀ። አባላቱ የሚለዩት በሁለት ምልክቶች ነው፤ ይኸውም «ኪው ኤል ኪው» ከረዳት ፕሮቲን ጋር፥ «ደብልዩ አር ሲ» ደግሞ ከዲ ኤን ኤ ጋር ያያይዛል። በዚሁ መለያ የሰናፍጭ ዘመድ በሆነችው በአራቢዶፕሲስ 9፥ በሩዝ 12 ጂኖች ተቈጥረዋል።

የሁለት ዱባ ዝርያዎች ሙሉ የዲ ኤን ኤ ንባብ እ.ኤ.አ. በ2017 ስለ ታተመ ምልክቶቹን በኮምፒዩተር መፈለግ ቀላል ሆኗል። ነገር ግን የዱባ 20 ጥንድ ክሮሞሶሞች ከሁለት ጥንታውያን ወላጆች መዋሐድ የመጡ ናቸውና አንዱ ጂን መንታ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። መንታዎች በመልክ ቢመሳሰሉም በሥራ ሊለያዩ ይችላሉ። ከዚህም በላይ «ማይክሮ አር ኤን ኤ 396» የተባለው ከብዙዎቹ ጂኖች የሚወጣውን መልእክት እየቈረጠ ሥራቸውን ይገታል።

ስለዚህ ቈጥሮ ስም ማውጣት ጅምር እንጂ ፍጻሜ አይደለም። የትኛው በሥር፥ የትኛው በለጋ ቅጠል እንደሚሠራ ሳይለካ፥ ጂኑም ሲጠፋ የሚደርሰው ለውጥ ሳይታይ፥ «ዱባን የሚያሳድገው ይህ ነው» ማለት አይገባም እንላለን።