ስለ ፈረስ የታችኛው እግር አጥንት ሕመምና ሕመሙን ስለሚገልጹ መሣሪያዎች

ዱቦ በወላይታ ምድር፥ በአረካ ከተማ አጠገብ የሚገኝ ስፍራ ነው። በዚያ አገር ፈረስ ገበያ ያደርሳል፥ ዕቃ ይጭናል፥ በጊፋታ በዓልም ጌጥ ይሆናል። እንዲህ ያለ ፈረስ አንድ ቀን ባነከሰ ጊዜ ባለቤቱ እግሩን ይዳስሳል፤ ቍስል ያጣል፤ ጥቂት ቀን አሳርፎ፥ ማንከሱ ሲቀንስ መልሶ ይጭነዋል። ታላቁ ጥፋት ብዙ ጊዜ የሚደርሰው በዚህ በሁለተኛው ጭነት ነው። ሕመም መቀነሱ የአጥንትን መዳን አያመለክትምና።

ፈረስ ከክብደቱ ከመቶ 60 ያህሉን የሚሸከመው በፊት እግሮቹ ነው። ከጉልበቱ በታች ደግሞ የሚደግፍ ሥጋ የለውም፤ ያለው አጥንት፥ ጅማትና ቆዳ ነው። አጥንት ሕያው ስለ ሆነ በየዕለቱ የሚደርስበትን ድካም ይጠግናል፤ ነገር ግን ድካሙ ጥገናውን የቀደመ እንደ ሆነ በስውር ይሰነጠቃል፥ በኋላም ይሰበራል።

ይህን ስውር ነገር ለማየት የመጀመሪያው መሣሪያ ራጅ ነው። ጨረሩን ጀርመናዊው ሊቅ ቪልሄልም ሮንትገን በ1895 እ.ኤ.አ. አገኘው። የፈረስ የታችኛው እግር ቀጭን ስለ ሆነ፥ በእጅ የሚዞር ትንሽ የራጅ መሣሪያ ይበቃዋል። ሆኖም ራጅም ጉድለት አለው፤ አጥንቱ ከመቶ ከ30 እስከ 50 የሚሆነውን ማዕድኑን ካላጣ በቀር መሳሳቱን በግልጥ አያሳይም። ቀጭን ስንጥቅም በመጀመሪያው ቀን ሊሰወር ይችላል። ስለዚህ ጥርጣሬ ሲኖር ከ10 እስከ 14 ቀን ቈይቶ ራጁን መድገም ይገባል።

ከራጅ በኋላ ሌሎች መጡ። ሲቲ ስካን አጥንቱን በስስ ቍራጭ እንደ ተከፈለ አድርጎ ያሳያል። ኤምአርአይ በማግኔት ኃይል በሰኮና ውስጥ ያለውን አጥንትና ጅማት ይገልጻል። ፔት የተባለው ደግሞ ጨረር ያለው ፍሎራይድ በደም ሥር ተሰጥቶ፥ አጥንቱ ራሱን የሚጠግንበትን ቦታ ያበራል። ይህ ምርመራ በፈረስ ላይ የተጀመረው በ2015 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በዴቪስ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. በሳንታ አኒታ የእሽቅድድም ሜዳ ብዙ ፈረሶች ከሞቱ በኋላ፥ ፈረሱ እንደ ቆመ የሚመረመርበት የፔት መሣሪያ በዚያው ተተከለ።

ይህ ሁሉ ዋጋው ብዙ ነው፤ የፔቱ መድኃኒትም በየ110 ደቂቃው ኃይሉ በግማሽ ስለሚቀንስ ሩቅ መንገድ አይችልም። የመሣሪያዎቹ ትምህርት ግን ያለ ዋጋ ዱቦ ድረስ ይደርሳል፤ ይኸውም አጥንት ከመሰበሩ አስቀድሞ ያስጠነቅቃል ማለት ነው።

ስለዚህ የወረዳ ሹማምንት ለባለ ፈረሶች ይህን ያስረዱ። አስቀድሞ ሰኮናውን አጥቦ ምስማር፥ ጠጠር ወይም መግል እንዳለ መፈለግ ይገባል፤ የብዙው ማንከስ ምክንያት ይህ ነውና። ቀጥሎ ፈረሱን በደረቅ ሜዳ በሶምሶማ ማስኬድ ነው፤ የታመመው የፊት እግር መሬት ሲነካ ራሱን ወደ ላይ ያነሣል። ከዚያም ሁለቱን እግሮች በእጅ እያነጻጸሩ ትኵሳትንና እብጠትን መለየት ነው። ሰኮናው ንጹሕ ሆኖ ማንከሱ ከቀጠለ፥ ወይም ፈረሱ እግሩን መርገጥ ከቶ እንቢ ካለ፥ ሳይጭኑና ሳያስኬዱ የእንስሳት ሐኪም መጥራት ያስፈልጋል። የእንስሳት ሕክምና በቢሾፍቱም በወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲም ይሰጣል።

በጋለ ብረት መተኮስ ግን ቆዳን ያቆስላል እንጂ ስንጥቅ አይገጥምም። የተሰነጠቀ አጥንት የሚጠገነው በሳምንታትና በወራት ዕረፍት ነው። የአንድ ገበያ ቀን ኪራይ የቀረበት ሰው ጥቂት ይጐዳል፤ ፈረሱ የተሰበረበት ግን የቤቱን እንጀራ ያጣል።