ለጭነት መኪና ዲፍሬንሻልና ትራንስፈር የሚስማማውን ዘይት ስለ መምረጥ

ከልደታ ተነሥቶ ወደ ጎጃም የሚሄድ የጭነት መኪና ጎሐ ጽዮንን ካለፈ በኋላ እስከ አባይ ድልድይ ድረስ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ ወዲያውም ወደ ደጀን ያንኑ ያህል ዳገት ይጠብቀዋል። ወደ ጅቡቲ የሚያቀናውም ከአዲስ አበባ ደጋ ወርዶ በአፋር ሐሩር ውስጥ ያልፋል። ባለመኪናው የሞተሩን ሙቀት በፊቱ ካለው መቈጣጠሪያ ሊያነብ ይችላል፤ የዲፍሬንሻሉን ሙቀት የሚነግረው መሣሪያ ግን አብዛኛውን ጊዜ የለውም። ጥርሱ ተበልቶ መኪናው በዳገት ላይ የቆመ እንደ ሆነ፣ ጉዳቱ የባለመኪናው ብቻ ሳይሆን ዕቃውን የጫነው ነጋዴም ጭምር ነው።

ዲፍሬንሻል የሞተሩን ኃይል ወደ ጎማዎቹ የሚያዞር፣ በመታጠፊያም ላይ የውጪው ጎማ ከውስጠኛው ይልቅ እንዲፈጥን የሚፈቅድ ክፍል ነው። በብዙ መኪናዎች ፒኞኑና ኮሮናው ሲገናኙ ጥርሶቹ እርስ በርሳቸው በብርቱ ይፋተጋሉ። ስለዚህ የድኝና የፎስፎር ቅመም የተጨመረበት፣ በጣሳው ላይ «ጂ ኤል 5» የሚል ምልክት ያለው ዘይት ያስፈልጋቸዋል።

ይኸው ዘይት ግን ለሁሉ ይበጃል ማለት አይደለም። በካምቢዮ ውስጥ የነሐስ ክፍሎች ካሉ ይህ ብርቱ ቅመም ሊበላቸው ስለሚችል፣ ፋብሪካው ካልፈቀደ በቀር አይጨመርም። ከትራንስፈር ላይ የሚደርሰው ስሕተት ደግሞ ይብሳል። አንዳንድ ፋብሪካዎች ለትራንስፈር የሚያዙት የጥርስ ዘይት ነው፤ ሌሎች ግን ለአውቶማቲክ ካምቢዮ የሚሆነውን ቀጭን ዘይት ያዛሉ። «ሁለቱም ከመኪናው ሥር ናቸው» ብሎ ከአንድ ጣሳ መሙላት ገንዘብ ማዳን ሳይሆን ማባከን ነው። በከተማው የበዙት በኋላ ጎማ ብቻ የሚነዱ ኢሱዙዎች ትራንስፈር የላቸውም፤ ሁለት ነጂ ዘንግ ያላቸው ሲኖትራኮች ግን ዲፍሬንሻላቸው ሁለት ስለ ሆነ ሁለቱም መታየት አለባቸው።

ወደ ሲንተቲኩ ስንመለስ፣ ሻጮች አብዛኛውን ጊዜ የሚያመሰግኑት በብርድ ስለማይረጋ ነው። ይህ ውሃ በረዶ በሚሆንበት አገር ትልቅ ነገር ነው፤ ለአዲስ አበባ ጧት ግን ያን ያህል የሚከፈልበት ምክንያት አይደለም። ለእኛ አገር መንገድ የሚጠቅመው ሌላው ጠባዩ ነው፤ ይኸውም በሙቀት ጊዜ ቶሎ አለመቅጠኑና ቶሎ አለመበላሸቱ ነው። «75 ደብሊው 90» በሚለው ጽሑፍ ውስጥ የፊተኛው ቍጥር የብርዱን፣ የኋለኛው በ100 ዲግሪ ሙቀት ያለውን ውፍረት ያመለክታል። እንግዲህ ሁልጊዜ ከባድ ጭነት ይዞ በረሃ ለሚወርድ መኪና የሲንተቲኩ ዋጋ ይካካሳል፤ ከልደታ እስከ መርካቶ ለሚመላለሰው ግን በጊዜው የሚለወጥ ተራ ዘይት ይበቃዋል። ፋብሪካው 90 ያዘዘውን «ይወፍርለት» ብሎ 140 መሙላትም ልማድ ሆኗል፤ የወፈረ ዘይት ኃይል ይበላል፣ ራሱም ይሞቃል።

መንሸራተትን የሚከለክል ዲፍሬንሻል ያለው መኪና ለዚሁ የተለየ ቅመም ይፈልጋል፤ ያለዚያ ሲታጠፍ ይንቀጠቀጣል።

በሚለወጥበት ጊዜ አስቀድሞ የሚፈታው የመሙያው ብሎን ነው። አሮጌው ዘይት ከፈሰሰ በኋላ መሙያው እንቢ ያለ እንደ ሆነ መኪናው ባዶውን ይቀራልና። በማፍሰሻው ብሎን ማግኔት ላይ እንደ ጭቃ የላመ ግራጫ ብናኝ ቢገኝ አያስደነግጥም፤ ስባሪ ብረት ከተገኘ ግን ኩሽኔታውና ጥርሱ ይመርመር። ዘይቱ እንደ ወተት ከነጣ ውሃ ገብቶበታል፤ ወንዝ የሚሻገር መኪና መተንፈሻው መደፈኑን መመልከት ያስፈልጋል። አዲሱ ዘይት የሚሞላው መኪናው በደልዳላ ቦታ ቆሞ፣ እስከ መሙያው ቀዳዳ አፍ ድረስ ነው። የተለወጠበት ቀን፣ ኪሎ ሜትሩና የዘይቱ ዓይነት በመኪናው መዝገብ ላይ ይጻፍ፤ ሾፌር ቢለወጥም መዝገቡ ከመኪናው ጋር ይኖራል።