ማን ላጫት?

የፋሲካ ዋዜማ፣ አዲሱ ገበያ። በሱሉልታ በኩል የመጡት ዶሮዎች እግራቸው ታስሮ መሬት ላይ ተደርድረዋል። እማዬ እንደ ልማዷ አንዷን አንስታ ደረቷን ትዳብሳለች፣ በእጇ ትመዝናለች፣ ትመልሳለች። እኔ ጥግ ላይ አንዲት ቀይ ቄብ አየሁ። አናቷ ላይ ላባ አለ፣ ከደረቷ ወዲያም አለ። አንገቷ ግን ከትንሽ የላባ ጭብጥ በቀር ባዶ!

«ይቺን ደግሞ ማን ላጫት?» አለች እማዬ።

«ማዘር፣ ተፈጥሮዋ ነው» አለ ሻጩ ልጅ። «ከጠዋት ጀምሮ ሁሉም እያየ ያልፋታል። ከሌሎቹ ቀንሼ ልስጥዎት።»

«የታመመ ዶሮ ቤቴ አላስገባም» ብላ ወደ ቀጣዩ ሻጭ አለፈች። እኔ ገዛኋት። እስከ ቤት ድረስ በዝምታ ነው የተጓዝነው።

ይኸው ዓመት አለፋት፤ ግቢያችን ውስጥ ትጭራለች። የመጣ እንግዳ ሁሉ ያንኑ የእማዬን ጥያቄ ስለሚጠይቀኝ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

አንገተ መላጣ ትባላለች። አልታመመችም፣ ቅማል አልበላትም፣ ሌሎቹ ዶሮዎችም አልነጯትም። ከተፈለፈለች ጀምሮ እንዲህ ናት። ላባዋን የጣለች ወይም የተነጨች ዶሮ ቆዳዋ ላይ የላባ ጉቶ ይታያል፣ ገላዋም እዚህም እዚያም ይመለጣል። የአንገተ መላጣ ቆዳ ግን ከማጅራቷ እስከ ደረቷ ልሙጥ ነው። የኔዋ እንቁላል መጣል ስትጀምር አንገቷ ቀላ፤ እማዬ «ደግሞ ምን ነካት?» ብላ እንደገና ደነገጠች።

ነገሩ በዘር ይተላለፋል። ጫጩቷ ከአባትም ከእናትም ከወረሰችው አንገቷ ባዶ ይሆናል። ከአንዳቸው ብቻ ከሆነ ከአንገቷ ግርጌ ፊት ለፊት ትንሽ የላባ ጭብጥ ይቀራል፣ ልክ እንደ ከረባት። የኔዋ ባለ ከረባት ናት። ከጎረቤት ባለ ሙሉ ላባ አውራ ዶሮ ጋር ውላ የጣለቻቸውን 12 እንቁላሎች አስታቀፍኳት። በ21ኛው ቀን 9 ፈለፈለች፤ ገና ላባቸው ሳይደርቅ አንገት አንገታቸውን አየሁ፤ አራቱ መላጣ። ስሌቱ ግማሽ በግማሽ ስለሚል ብዙም አልራቀም።

ምስጢሩን የፈቱት እ.ኤ.አ. በ2011 ኤዲንብራ አጠገብ የሚገኘው የሮዝሊን ተቋም ተመራማሪዎች ናቸው (አዎ፣ ዶሊ የተባለችው በግ የተወለደችበት ቤት)። በእነዚህ ዶሮዎች ቆዳ ውስጥ ላባ እንዳይበቅል የሚያግድ አንድ ፕሮቲን ከልክ በላይ ይመረታል። የአንገት ቆዳ ደግሞ ከሌላው ገላ ይልቅ በዚህ ፕሮቲን ቶሎ ይሸነፋል።

ጥቅሙ ቆላ ላይ ነው የሚታየው። ዶሮ አያልባትም፤ ሙቀት ሲበዛባት አፏን ከፍታ ታለከልካለች እንጂ። አንገተ መላጣ ግን ላባዋ ከሌሎቹ ከ20 እስከ 40 በመቶ ስለሚያንስ ሙቀቱን በባዶ ቆዳዋ ታስወጣለች። ላባ ራሱ ፕሮቲን ስለሆነ ለሱ ይወጣ የነበረው ምግብም ይተርፋታል። የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲው አበራ መለሰ የኛን አንገተ መላጣ ከውጭ እንቁላል ጣይ ዘሮች ጋር አዳቅለው ለረጅም ጊዜ ሙቀት ውስጥ የፈተኗቸው ለዚህ ነው።

እውነቱን ለመናገር የኛ ሰፈር ጉለሌ የሷ አገር አይደለም። እንጦጦ ሥር፣ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ በነሐሴ ጭጋግ አንገትን ባዶ አድርጎ መዞር ምኑም አያምርም። ከሌሎቹ አብልጣ ትበላለች፤ የምትበላው ለማሞቂያ ይሄድባታል። ክረምት ላይ ቆጧን በጆንያ እጋርድላታለሁ። ማታ አንገቷን ክንፏ ሥር ሸጉጣ ስትተኛ ኳስ ነው የምትመስለው።

የሚያናድደኝ ግን ገበያው ነው። እኛ ዶሮ ስንገዛ ግማሹ ክፍያ ለላባው ነው። ገብስማ፣ ወሰራ፣ ኮክማ፣ ቴተርማ፣ ዥግርማ እያልን ለእያንዳንዱ ስም አውጥተናል፤ ለአዲስ ዓመት ጭዳ ቀለሙን መርጠን ነው የምንገዛው። ጥቁሯ ሳትሸጥ የምትመለሰውም በዚሁ ነው። ገበሬው ሞኝ አይደለም፤ ገበያ የማይወድለትን አያስታቅፍም። አንገተ መላጣም በዚህ መንገድ ከመንጋው ውስጥ ቀስ በቀስ እየጠፋች ነው። ፈረንሳይ ውስጥ ላንድ በሚባለው ግዛት የሚረባው ቢጫ ዶሮ አንገተ መላጣ ነው፤ «ላቤል ሩዥ» የተባለውን የጥራት ምልክት እ.ኤ.አ. በ1965 ቀድሞ ያገኘውም እሱ ነው። እዚያ ባዶው አንገት የጥሩ የገበሬ ዶሮ ምልክት ነው፣ እዚህ ዋጋ ማስቀነሻ።

ከኛ ሳይርቅ «እንቁላል ፋብሪካ» የሚባል ሰፈር አለ። የሐበሻ ዶሮ ግን ፋብሪካ አይደለችም፤ በዓመት ከ30 እስከ 60 እንቁላል ብትጥል ነው፣ ያውም 40 ግራም ገደማ የሚመዝን። የውጭዋ 300 ትጥላለች። ይህን አልክድም። ቢሆንም የውጭዋ አትታቀፍም፣ ጭልፊት ሲያንዣብብም ልጆቿን አትሰበስብም። ደግሞ የኛም ዘር ከራሱ እየተመረጠ ይሻሻላል፤ የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2008 በሆሮ ዶሮ የጀመረው ይህንኑ ነው።

ለማርባት ለምታስቡ አንድ ነገር፦ የፈንግል በሽታ ላባ ያላትንም የሌላትንም አይለይም። ቢሾፍቱ የሚመረተውን ክትባት በጊዜው አስከትቡ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። ሽሮ ሜዳ፣ ቀጨኔ፣ ሩፋኤል፣ አዲሱ ገበያ አካባቢ አንገተ መላጣ አውራ ዶሮ ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። በሁለት ቄብ እለውጣለሁ። ለበዓል እንዳታርዱት ብቻ።